ሰርቪስ ማኑዋልና ዶክመንቴሽን ቻናላችሁ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት፦ ኮፒራይትና ፌር ዩዝ ደረጃ በደረጃ

የሞባይል ጥገና፣ የኔትወርክ፣ የፕሮግራሚንግ፣ የሲቪል ምናምን ቴሌግራም ቻናል ያላችሁ ሰዎች ይሄን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የብዙ አድሚን አሰራር አንድ አይነት ነው፣ ፒዲኤፍ ያገኛል፣ ፎርዋርድ ያደርጋል፣ ከስሩ «ለትምህርት ብቻ፣ ፌር ዩዝ» ብሎ ይጽፋል፣ አለቀ። ከዛ አንድ ቀን ቻናሉን ሲከፍተው በኮፒራይት ምክንያት ተዘግቷል የሚል ጽሁፍ ይጠብቀዋል፣ የስንት ጊዜ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

እኔ እንደማየው ትልቁ ስህተት ፌር ዩዝን (የሰው ስራ ያለ ፍቃድ በአንዳንድ ሁኔታ መጠቀም ይቻላል የሚለውን የአሜሪካ ህግ) መጀመሪያ ላይ ማምጣታችን ነው። ፌር ዩዝ እኮ ሌላው መንገድ ሁሉ ሲያልቅ የሚታይ ነገር ነው፤ ከሱ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ፣ አብዛኛው ጉዳይ ደግሞ እዛው ያልቃል። በነገራችን ላይ ጠበቃ አይደለሁም፣ የክስ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ይሄን ጽሁፍ ይዞ ሳይሆን ጠበቃ ይዞ ነው መሄድ ያለበት።

ደረጃ 1፦ ፋይሉ የማን ነው?

ፒዲኤፉን ክፈቱና መጀመሪያ ሁለተኛውን ገጽ፣ ከዛ የመጨረሻውን ገጽ፣ ከዛ በየገጹ ግርጌ ያለችውን ትንንሽ ጽሁፍ እዩ። «ኮንፊደንሻል» ወይም «ለተፈቀደላቸው ሰርቪስ ሴንተሮች ብቻ» የሚል ካለ እሱን ፋይል ተዉት፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ኮፒራይት ብቻ አይደለም፣ የንግድ ሚስጥርና አንድ ሰው የፈረመው ውልም አለበት። የሞባይል ስኬማቲክ (የውስጥ ሰርኪት ስዕል) የሚባሉት ፋይሎች ብዙዎቹ እንደዚህ ሾልከው የወጡ ናቸው፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን።

የኮፒራይት ምልክት የለበትም ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጅ ከ1989 ማርች ወር ጀምሮ ምልክቱን ማድረግ ግዴታ አይደለም (ከአዋጁ ቁጥር በቀር ሌሎቹም ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው)፤ እኛም አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስራው ከተሰራ ጀምሮ ይጠብቀዋል፣ ማስመዝገብ ሳያስፈልግ።

ሌላው ሰው የሚረሳው ደግሞ መስሪያ ቤት ውስጥ የጻፋችሁት ዶክመንት ነው። «እኔው ነኝ የጻፍኩት» አይሰራም። በውላችሁ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቅጥር ስራ ላይ ሆናችሁ የሰራችሁት ነገር ባለቤቱ አሰሪው ነው። ስለዚህ የድርጅቱን ኔትወርክ ዲያግራምና የኢንስታሌሽን ፕሮሲጀር ስራ ስትለቁ ይዛችሁ ወጥታችሁ ፖስት ማድረግ ችግር ነው፣ ከኮፒራይቱም በላይ የሴኩሪቲ ጣጣ አለው።

ደረጃ 2፦ ከፋይሉ ውስጥ ማንም የማይይዘውን አውጡ

ይሄኛው ደረጃ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቴክኒክ ነክ ጽሁፍ ከልብ ወለድ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። የኛው አዋጅ አንቀጽ 5 የማይጠበቁትን ሲዘረዝር ሀሳብ፣ የአሰራር ሂደት፣ ሲስተም፣ የአጠቃቀም ዘዴ፣ ቀመር፣ የቁጥር ሠንጠረዥ፣ ለጠቅላላ አገልግሎት የሚውል ፎርም፣ መርህ፣ ግኝት፣ እንዲሁ ዳታ ይላል። እስቲ ዝርዝሩን ደግማችሁ እዩት፣ አንድ ቴክኒሺያን ከማኑዋል ውስጥ የሚፈልገው እኮ ራሱ ይሄ ነው። የሚጠበቀው ያ ነገር የተገለጸበት አረፍተ ነገር፣ ስዕል፣ ፎቶ፣ የገጹ አቀማመጥ ነው።

አሜሪካኖቹም እንደዛው ነው የሚያስቡት። አንድ ሰው ስለ ሂሳብ አያያዝ ዘዴ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፣ እሱ ከሞተ በኋላ ሚስቱ ዘዴውንም ልያዝ ብላ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1880 መጽሐፉ ያንቺ ነው ዘዴው ግን ያንቺ አይደለም ተባለ። በ1991 ደግሞ ካንሳስ ያለ የስልክ ድርጅት የማውጫ መጽሐፉን ስምና ቁጥር ገለበጡብኝ ብሎ ከሶ እንዲሁ ያለ መረጃ ኮፒራይት የለውም፣ ለመሰብሰብ ብትለፋም እንኳን፣ ተብሎ ተሸነፈ።

አሁን በተግባር እንየው። ኤልኤም317 የምትባለውን የቮልቴጅ ሬጉሌተር ኤሌክትሮኒክስ የነካ ሁሉ ያውቃታል። ዳታሺቷን (አምራቹ ስለሷ የሚያወጣውን የመረጃ ወረቀት) ስታነቡ ከ1.25 እስከ 37 ቮልት እንደምታወጣ፣ እስከ 1.5 አምፔር እንደምትችል ታገኛላችሁ፤ ይሄ መረጃ ነው፣ ውሰዱት። ቀመሩን ታገኛላችሁ፦ የሚወጣው ቮልቴጅ ማለት 1.25 ሲባዛ በ(1 + አር2 ሲካፈል ለአር1) ነው፣ አር1ና አር2 ከሷ ጋር የሚያያዙት ሁለት ሬዚስተሮች ናቸው፣ በአድጀስት እግሯ የምትሄደው ከረንት በጣም ትንሽ ስለሆነች ለተራ ስራ ትተዋለች። ይሄም ቀመር ነው፣ ውሰዱት።

ከዛ በራሳችሁ አማርኛ እንዲህ ብላችሁ ትጽፋላችሁ፦ «5 ቮልት ከፈለጋችሁ አር1ን 240 ኦህም አድርጉት፣ አር2ን 720። 720 የሚል ሬዚስተር ገበያ ላይ ስለማታገኙ 680ና 39 አከታትላችሁ አያይዙ፣ 719 ይመጣል፣ 4.99 ገደማ ታነባላችሁ፣ ለሁሉም ነገር ይበቃል።» ሰርኪቱን ደግሞ ኪካድ በሚባለው የሰርኪት መሳያ ሶፍትዌር ላይ ወይም በወረቀት ራሳችሁ ሳሉትና ፎቶ አንስታችሁ አያይዙት። ይሄ ሙሉ በሙሉ የናንተ ነው፣ ማንም አይጠይቃችሁም፣ እንደውም ገበያ ስለሚገኘው ሬዚስተር ዳታሺቱ የማይለውን ስለነገራችሁት ለሰዉ የበለጠ ይጠቅመዋል።

የማይሆነው ምንድነው፣ የዳታሺቱን ገጽ ስክሪንሾት እያነሱ አስር አስራ አምስት ፎቶ መደርደር ነው። ግራፎቹ፣ የአፕሊኬሽን ሰርኪት ስዕሎቹ፣ ማብራሪያው የአምራቹ ናቸው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፒዲኤፉን ጉግል ትራንስሌት ወይም ቻትጂፒቲ ውስጥ ከቶ አማርኛ አድርጎ ማውጣት ራስ መጻፍ አይባልም። ትርጉም ራሱ የባለመብቱ ፍቃድ የሚያስፈልገው ስራ ነው፣ ማን ተረጎመው ወይም ምን ተረጎመው ለውጥ አያመጣም። ፈተናው ቀላል ነው፣ ዶክመንቱን ዘግታችሁ የገባችሁን መጻፍ ከቻላችሁ የናንተ ነው፣ አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር እያያችሁ ከሆነ የምትጽፉት ትርጉም ነው።

ደረጃ 3፦ ላይሰንሱን ፈልጉ

ብዙ ሰው ላይሰንስ (ባለመብቱ የሰጠው የአጠቃቀም ፍቃድ) የሚለውን ገጽ ከፍቶ አያውቅም፣ እዛ ላይ ግን ወርቅ አለ። የፕሮግራሚንግ ሰዎች በተለይ ዕድለኞች ናችሁ። ሲሲ (ክሪኤቲቭ ኮመንስ) የሚባሉ ዝግጁ ላይሰንሶች አሉ፣ አጫጭር ስሞቻቸውን ከታች እፈታቸዋለሁ። ኤምዲኤን የሚባለው የሞዚላ የዌብ ፕሮግራሚንግ ድረገጽ ጽሁፎች ሲሲ ባይ-ኤስኤ 2.5 ወይም ከዛ በኋላ በወጣው ቨርዥን ስር ናቸው፣ የኩበርኔቲስ ዶክመንቴሽን ሲሲ ባይ 4.0፣ የሪአክት ዶክመንቴሽንም እንደዛው፣ የአርዱዊኖ ዶክመንቴሽን ሲሲ ባይ-ኤስኤ 4.0፣ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ያለው መልስ ሁሉ እንደተጻፈበት ጊዜ በአንዱ የሲሲ ባይ-ኤስኤ ቨርዥን ስር ነው። ለጥገና ሰዎች አይፊክስኢት የሚባል የጥገና መመሪያ ድረገጽ አለ፣ የሱ ጋይዶች ሲሲ ባይ-ኤንሲ-ኤስኤ 3.0 ናቸው። እነዚህን ሁሉ ወደ አማርኛ ተርጉሞ መልቀቅ ማንንም ሳትለማመጡ ይቻላል፣ ሁኔታዎቹን እስካሟላችሁ ድረስ።

ሁኔታዎቹ ምንድናቸው? ባይ ያለበት ስም ጥቀሱ ማለት ነው። ኤስኤ ካለበት የናንተንም ትርጉም በዛው ላይሰንስ ልቀቁ ነው፣ ማለትም ሌላ ሰው የናንተን ወስዶ ቢጠቀም መቆጣት የለም። ኤንሲ ለንግድ አይሆንም፤ ቻናላችሁ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ወይም ክፍያ የሚያስከፍል ከሆነ ኤንሲ ያለበትን አትንኩ፣ ክርክር ውስጥ መግባት አያዋጣም። ኤንዲ ደግሞ አትቀይሩ ነው፣ ትርጉምም መቀየር ስለሆነ ኤንዲ ያለበትን በአማርኛ ለራሳችሁ ማንበቢያ ማድረግ ትችሉ ይሆናል እንጂ መልቀቅ አይቻልም።

የኔትወርክ ሰዎች ደግሞ ይሄን ያዙ፦ አርኤፍሲ የሚባሉት የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ዶክመንቶች አብዛኞቹ ሳይቀየሩ በሙሉ ማሰራጨትም ከእንግሊዝኛ ወደ ሌላ ቋንቋ መተርጎምም የተፈቀደባቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ የተለየ ገደብ ስላለ መጀመሪያ ገጻቸው ላይ ያለችውን የኮፒራይት አንቀጽ አንብቡ። የአሜሪካ ፌደራል መንግስት ሰራተኞች በስራቸው የሚያዘጋጁትም፣ ለምሳሌ የናሳና የኒስት (የአሜሪካ የስታንዳርድ ተቋም) ሪፖርቶች፣ አሜሪካ ውስጥ ኮፒራይት የላቸውም፤ ውስጣቸው የገባ የሌላ ሰው ፎቶ ግን ሊኖር ይችላል፣ እሱን ለዩ። የኛም ነጋሪት ጋዜጣ፣ አዋጁ፣ ደንቡ፣ መመሪያው፣ በአንቀጽ 5 መሰረት ከጥበቃ ውጪ ነው፣ እንደልባችሁ ልቀቁት።

ስም መጥቀስ ሲባል «ምንጭ፦ ጉግል» ወይም «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» አይደለም እባካችሁ። እንዲህ ነው የሚጻፈው፦

«ይህ ጽሁፍ የሞዚላ ኮንትሪቢውተሮች ኤምዲኤን ላይ ስለ ፌች ኤፒአይ ከጻፉት ወደ አማርኛ የተተረጎመ ነው። የዋናው ሊንክ፦ (ሊንኩ እዚህ)። ላይሰንሱ ሲሲ ባይ-ኤስኤ 2.5 ነው፣ ይህ ትርጉምም በዛው ላይሰንስ ስር ነው። ምሳሌዎቹ ላይ ያሉት ስሞች ተቀይረዋል።»

ርዕስ፣ ጸሐፊ፣ ምንጭ፣ ላይሰንስ፣ ምን እንደቀየራችሁ። አምስት ነገር፣ አራት መስመር፣ ሌላ ምንም የለውም።

ደረጃ 4፦ ፋይሉን ሳይሆን ሊንኩን

ላይሰንሱ ዝግ ከሆነ የአምራቹን ኦፊሻል ገጽ ሊንክ ስጡ። ሊንክ ስትሰጡ የምትገለብጡት ነገር የለም፣ በዛ ላይ አምራቹ ማኑዋሉን ሲያሻሽለው የናንተ ሰው አዲሱን ያገኛል። የተሰረቀ ፋይል የተጫነበት ድራይቭ ሊንክ ግን እያወቃችሁ ብትለጥፉ ያው ነው፣ እዚህ ጋ ብልጥ ለመሆን አትሞክሩ።

«ሊንክ ምን ያደርጋል፣ ዳታ የለም፣ ኔትወርክ የለም» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፣ እውነትም ነው፣ ክፍለ ሀገር ያለ ልጅ አንዴ አውርዶ ኦፍላይን ማንበብ ነው የሚፈልገው። ለዚህ ኪዊክስ የሚባል ነጻ አፕ አለ፣ ዊኪፒዲያን፣ ስታክ ኦቨርፍሎውን፣ የአይፊክስኢትን ጋይዶች በአንድ ፋይል አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ታነባላችሁ። ፋይሉን በፍላሽ ማዘዋወር ይቻላል፣ ላይሰንሱ ይፈቅዳል። በየግሩፑ ከሚዞረው የተቀደደ ፒዲኤፍ ይሄ በብዙ ይሻላል፣ ለምን እንደማይወራለት አይገባኝም።

ደረጃ 5፦ ጠይቁ

አምራች ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ላይመልሱ ይችላሉ፣ አልመለሱም ማለት ደግሞ ፈቀዱ ማለት አይደለም። ግለሰቦች ግን፣ በተለይ የኛ አገር መምህራንና ኢንጂነሮች፣ በአክብሮት ሲጠየቁ ደስ ብሏቸው ነው የሚሰጡት። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሀንድአውት ሁሉ የህዝብ ነው የሚል ነገር አለ፣ ግን ያ ሀንድአውት የጻፈው ሰው አለው። እንዲህ ብላችሁ መላክ ትችላላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የኔትወርክ ጥገና ቻናል አድሚን ነኝ። ስለ ራውቲንግ ያዘጋጁትን ሀንድአውት ከተማሪዎችዎ አንዱ አሳይቶኝ አነበብኩት፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ከፈቀዱልኝ ምዕራፍ 2ን ብቻ ስምዎን ጠቅሼ በነጻ ቻናሉ ላይ ልለቀው እፈልጋለሁ። ክፍያ የለውም፣ ይነሳ ባሉኝ ሰዓት አነሳዋለሁ። የማይመችዎ ከሆነም ምንም ችግር የለውም። መልስዎን በጽሁፍ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል፣ አመሰግናለሁ።»

የትኛው ክፍል፣ የት፣ በነጻ ወይስ በክፍያ፣ እስከ መቼ፣ እነዚህ ይኑሩበት። በስልክ «እሺ ልጄ ልቀቀው» ቢሏችሁም ከዛ በኋላ በቴክስት አስደግፉት፣ መልሱን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ አሁን ወደ ፌር ዩዝ

መጀመሪያ የት አገር ናችሁ? ፌር ዩዝ የአሜሪካ ህግ ነው። እስራኤልም በ2007 ባወጣችው የኮፒራይት ህግ ተመሳሳይ ነገር አስገብታለች፣ ስለዚህ እዛ ያላችሁ ወገኖች ከአውሮፓዎቹ የሰፋ መንገድ አላችሁ። አውሮፓ ህብረት ውስጥ ግን የተፈቀዱት ሁኔታዎች ተዘርዝረው የተቀመጡ ናቸው፣ ከዝርዝሩ ውጪ ያለ ነገር ይዞ «ፌር ነው» ማለት አያስኬድም። ኢትዮጵያም እንደዛው ነው። የኛ አዋጅ ለግል አንድ ኮፒ ማድረግን ይፈቅዳል፣ መጥቀስን ይፈቅዳል፣ ለማስተማር በተመጣጠነ መጠን ማባዛትን ይፈቅዳል፣ ምንጩና የጸሐፊው ስም ሲጠቀስ። ሃያ ሺህ ሰው ያለበት ቻናል ላይ ሙሉ መጽሐፍ መጫን የግል ኮፒ አይደለም፣ መጥቀስም አይደለም፣ በክፍል ውስጥ ማስተማርም አይደለም። ጥሰቱ ደግሞ በአዋጁ ወንጀልም ሊሆን ይችላል፣ የካሳ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ታዲያ የአሜሪካው ህግ ለኛ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ዩቲዩብ፣ ጊትሀብ፣ ፌስቡክ የአሜሪካ ካምፓኒዎች ናቸው፣ የትም ሆናችሁ ፋይላችሁ ሲነሳ የሚነሳው በነሱ አሰራር ነው።

አሜሪካ ውስጥ ዳኛው አራት ነገር አንድ ላይ ያያል። ለምን ተጠቀምክበት፣ አዲስ ስራ ሰርተህበታል ወይስ ያንኑ ነው የደገምከው። ስራው ምን አይነት ነው፣ ቴክኒካል ጽሁፍ ከልብ ወለድ ይልቅ እዚህ ላይ ለተጠቃሚው ይቀላል። ምን ያህል ወሰድክ። የባለቤቱን ገበያ ትጎዳለህ ወይ። «30 ቃል ይቻላል»፣ «10 ፐርሰንት ይቻላል» የሚባለው ወሬ ህጉ ውስጥ የለም። «የኮፒራይት ጥሰት አላሰብንም» ብሎ መጻፍም ምንም አያደርግላችሁም።

ለሁለቱም ጫፍ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉግል ለአንድሮይድ ብሎ ከጃቫ ኤፒአይ (ፕሮግራመሮች የሚጠሯቸው ዝግጁ ትዕዛዞች) የወሰደው 11,500 መስመር አካባቢ ኮድ ፌር ዩዝ ነው ብሎ 6 ለ 2 ፈርዷል፣ ምክንያቱም ፕሮግራመሮች የሚያውቁትን ትዕዛዝ ይዘው አዲስ ፕላትፎርም ላይ እንዲሰሩ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው የወሰደው። በሌላ በኩል በ2012 አንድ አውስትራሊያዊ የላፕቶፕ ሰርቪስ ማኑዋሎችን በነጻ የሚያወርዱበት ድረገጽ ነበረው፣ የቶሺባ ጠበቆች ደብዳቤ ሲልኩበት የነሱን በሙሉ አነሳ። ልጁ በነጻ ነበር የሚሰጠው፣ ሰውም ጠቅሟል፣ ግን ሙሉ ፋይል እንዳለ ነበር የጫነው። እኔ በግሌ የጥገና ማኑዋል ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት ባይ ነኝ፣ ግን መሆን አለበት ሌላ ነው፣ ነው ሌላ ነው።

መሃል ላይ ያለ ጉዳይም አለ። በ2020 በኮቪድ ሰዓት አይፊክስኢት የሆስፒታል መሳሪያዎችን ማኑዋሎች ሰብስቦ በነጻ ሲለቅ ስቴሪስ የሚባለው አምራች ይነሳልኝ ብሎ ጻፈ፣ አይፊክስኢት ደግሞ በጠበቃ መልሶ አላነሳም አለ። ባዮሜዲካል ላይ ያላችሁ የዚህ ነገር ጥቅም ይገባችኋል። ግን ልብ በሉ፣ እነሱ ከጀርባቸው ጠበቃ ነበራቸው።

ስታንዳርድ ላይ ደግሞ በ2023 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ህግ ውስጥ የገቡ ስታንዳርዶችን ያለ ትርፍ ኢንተርኔት ላይ መጫን ፌር ዩዝ ነው ብሏል። የተከሰሰው ፐብሊክ ሪሶርስ የሚባለው ድርጅት ነው፣ የኢትዮጵያንም ስታንዳርዶች ኢንተርኔት ላይ ከጫኑት አንዱ እሱ ነው። ይሄ ፍርድ ግን አዲስ አበባ ያለ ፍርድ ቤትን አያስገድድም፣ ደግሞም እያንዳንዱ ስታንዳርድ ህግ አይደለም።

በተግባር ስናየው አንድ የስህተት ኮድ ሠንጠረዥ ላይ ያለ አንድ መስመር ጠቅሶ ለምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚስተካከል በራስ ቋንቋ ሁለት ገጽ መጻፍ ጥሩ ነው። አንድ ስክሪንሾት አድርጎ እሱን እየተቹ ማስረዳትም ይኬዳል። 400 ገጽ ጭኖ ከላይ «ጠቃሚ ነው አንብቡት» ማለት ግን ለፌር ዩዝም ለጥቅስም አይሆንም።

ደረጃ 7፦ ማስጠንቀቂያ ከመጣ

አትደናገጡ፣ ቶሎም አትመልሱ። መጀመሪያ የትኛው ፋይል እንደሆነ፣ ማን እንደላከው፣ እውነት ባለመብቱ መሆኑን እዩ። ሙሉ ፋይል ጭናችሁ ከሆነ አንሱት፣ በሱ ቦታ ደረጃ 2 ላይ ያየነውን አይነት የራሳችሁን ጽሁፍና ሊንክ አድርጉ። እዛው ፋይል ሌላ ስም ሰጥቶ መልሶ መጫን ቻናል የሚያዘጋው ዋናው ነገር ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ለምሳሌ በ90 ቀን ውስጥ ሶስት ስትራይክ (የኮፒራይት ጥሰት ምልክት) ከመጣ ቻናሉ ሊጠፋ ይችላል።

የራሳችሁ ጽሁፍ ከሆነ ወይም ላይሰንሱ የሚፈቅድ ከሆነ በአሜሪካው ዲኤምሲኤ የሚባል የኢንተርኔት ኮፒራይት ህግ ካውንተር ኖቲስ (በስህተት ነው የተነሳብኝ የሚል የመቃወሚያ ፎርም) መላክ መብታችሁ ነው። ከሳሹ ክስ ካልመሰረተ ፕላትፎርሙ ከ10 እስከ 14 የስራ ቀን ውስጥ ይመልሰዋል። ግን ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ትክክለኛ ስማችሁን፣ አድራሻና ስልካችሁን ትሰጣላችሁ፣ በሀሰት ብትናገሩ ተጠያቂ ለመሆን ትፈርማላችሁ፣ ከአሜሪካ ውጪ ብትሆኑም የአሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤት ሊያየኝ ይችላል ብላችሁ ትስማማላችሁ። ወረቀቱ ደግሞ ለከሳሹ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ የላይሰንሱን ገጽ ስክሪንሾት፣ ፍቃድ የተሰጣችሁበትን ቴክስት፣ የራሳችሁን ስዕል ኦሪጅናል ፋይል ከነቀኑ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፣ እነዚህ እጃችሁ ላይ ከሌሉ ፎርሙን አትሙሉት።